«ሲስተሙ እዝባር አይቀበልም»

ጥቅምት ላይ ሳንጃ ፀሐይዋ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ትከሻ ማቃጠል ትጀምራለች። ከጎንደር ተነሥቶ በታች አርማጭሆ በኩል ወደ ሁመራ በሚወርደው መንገድ ዳር አይሱዙዎች ተደርድረዋል፤ ገሚሱ ሰሊጥ ይጭናል፣ ገሚሱ ከደጋ የመጣ የቀን ሠራተኛ ያወርዳል። ከመንገዱ ገባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አንዲት ወጣት መዝጋቢ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣለች። ፊቷ የቆሙት አዛውንት ፌስታላቸውን ፈቱ፤ በፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል ነበር፣ እሱንም ፈቱና የታጠፈ መታወቂያ አወጡ። ስማቸውን ገብረመድኅን እንበላቸው። መታወቂያው ላይ ግን «ገ/መድኅን» ነው የሚለው።

ልጅቷ እንዳየችው ጻፈችው። ማሽኑ ቀይ መስመር አወጣ።

«አባባ፣ ሲስተሙ እዝባር አይቀበልም።»

«እዝባር ማነው ልጄ?»

«ይቺ ዘመም ያለችው ጭረት ናታ።»

«ታዲያ አውጫታ!»

አወጣቻት። መስኮቱ ላይ «ገመድኅን» የሚል ስም ቀረ። ከኋላ ተራ የሚጠብቅ አንድ ጎረምሳ አንገቱን አስግጎ አነበበና «ኧረ ሰውየውን ገመድ አደረገቻቸው!» አለ። ክፍሉ ሳቀ። አዛውንቱም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አጭር ነበር።

ይህ ትዕይንት የአንድ ቀን ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ወሬ አይደለም። በብዙ መዝገብ ፊት ከሚደጋገም ነገር ተጨምቆ የተቀዳ ነው። ሳንጃን የመረጥነው ከመተማ እስከ አብርሃጅራ በተዘረጋው በዚህ ቆላ የሰው ስም ከየትም ቦታ በላይ ስለሚፈተን ነው። ሰሊጥ ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር ደጋ ሰው ይጠራል፤ ድንበሩ ከሱዳን ሰው ያመጣል። አንዱ ስሙን በግዕዝ ፊደል ይጽፋል፣ ሌላው በዐረብኛ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ሲደርሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለቱም በላቲን ይጠየቃሉ። ሦስት ጽሕፈት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጎዱት ትንንሾቹ ናቸው፤ ጭረቷ፣ ነጥቧ፣ እዝባሯ።

የእዝባርን ነገር እንጨርስ። አማርኛ አንባቢ «ወ/ሮ»ን፣ «ት/ቤት»ን፣ «ዶ/ር»ን ሲያይ ለአፍታም አይደናገርም። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ የሚሉ የስም መነሻዎች በአንድ ፊደልና በአንድ እዝባር ማጠር ቀለምና ቦታ የሚቆጥብ የጸሐፊ ልማድ ነው፤ ከደመወዝ መክፈያ ቅጽ እስከ ፈተና ወረቀት ተሰራጭቷል። ኮምፒውተር ግን ለዚያች ምልክት ሌላ ሥራ ሰጥቷታል። በድረ ገጽ አድራሻና በብዙ የፋይል አደረጃጀት እዝባር ማለት «ወደ ውስጥ ግባ» ማለት ነው። የአዛውንቱ ፎቶ በስማቸው ይቀመጥ ቢባል ማሽኑ «ገ» የሚባል አቃፊ ፈልጎ «መድኅን»ን በውስጡ ሊያስቀምጥ ይሞክራል። አየር መንገዶች በሚጠቀሙባቸው የቲኬት ሥርዓቶችም የቤተሰብ ስምንና የተጓዥን ስም የምትለየው ይህቺው ምልክት ናት።

የሚገርመው መረጃው ለሚቀመጥበት ለዳታቤዙ እዝባር ምኑም አይደለም። በእሴት ውስጥ ከሌላው ፊደል ለይቶ አያያትም። ቀዩን መስመር ያወጣው ዳታቤዙ ሳይሆን ቅጹን የሠራው ሰው ነው፤ «ከፊደልና ከባዶ ቦታ በቀር ምንም እንዳይገባ» ብሎ አንድ መስመር ጽፎ ሄዷል። እንዲህ ያለው ክልከላ የሚመጣው ከፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱ ደግሞ መነሻ አለው። መነሻው እዝባር ሳትሆን ሌላ ጭረት ናት።

እሷን ለማየት ከሳንጃ ወደ መተማ እንውረድ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ውጊያ ሲፈነዳ በጋላባት በኩል የሚሻገረው ሕዝብ በቀናት ውስጥ መተማ ዮሐንስን አጥለቀለቃት። ሱዳናውያን፣ ከሱዳን የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን፣ የሌሎች በርካታ ሀገራት ዜጎች ነበሩ። ኋላ ላይ በኩመርና በአውላላ የተጠለሉትም በዚሁ በር ነው የገቡት። ሁሉም መጀመሪያ የተጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ ስም።

ዐረብኛ ከጉሮሮ የሚወጣ «ዐይን» የሚባል ድምፅ አለው። ግዕዝም «ዐ» አለው፤ ስለዚህ «ሰዒድ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ድምፁን በአንድ ፊደል ይዞታል፣ ተጨማሪ ምልክት አያሻውም። ችግሩ የሚጀምረው ስሙ ወደ ላቲን ሲሻገር ነው። ላቲን ለዚያ ድምፅ ፊደል ስለሌለው በቦታው አንዲት የተንጠለጠለች ጭረት ይሰካል፤ በእኛ ፊደል ብናስመስለው ሰ'ኢድ ይሆናል። መዓዛ፣ ርእዮት፣ በእምነት የሚባሉ ሴቶች ፓስፖርት ሲያወጡ ይህቺን ጭረት ያውቋታል። ኦሮምኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 የላቲኑን ቁቤ ሲይዝ ጭረቷን ከነጭራሹ ከጽሕፈቱ አካል አድርጎ «ሁዻ» ብሎ ሰየማት፤ «ዛሬ» የሚለውም «ጥቅም» የሚለውም ቃል ያለ እሷ አይጻፉም። ስለዚህ እዚህ አገር ይህቺ ጭረት ጌጥ አይደለችም፤ ለሚሊዮኖች ፊደል ናት።

ለዳታቤዝ ግን በር ናት።

ነገሩን በሰሊጥ ጆንያ እናስበው። ጆንያ ሲሞላ አፉ በሲባጎ ይሰፋል፤ ስፌቱ ያለበት ቦታ «እዚህ አለቀ» ይላል። ዳታቤዞች በሚነጋገሩበት ኤስኪውኤል በሚባለው ቋንቋ የአንድ ጽሑፍ ስፌት ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ነው። «ይህን ስም አስገባ» የሚል ትእዛዝ ሲላክ ስሙ በሁለት ጭረቶች መካከል ይቀመጣል፤ 'አበበ' እንደማለት። 'ሰ'ኢድ' ሲመጣ ግን ማሽኑ ሁለተኛዋን ጭረት ሲያገኝ ጆንያው የተዘጋ ይመስለዋል። ስሙ «ሰ» ብቻ ነው ብሎ ይወስድና የተረፈውን «ኢድ» እንደ ትእዛዝ ሊያነበው ይሞክራል። «ኢድ» የሚባል ትእዛዝ ስለሌለ ሁሉንም ነገር ጥሎ ስሕተት ያወጣል። መዝጋቢው የሚያየው «ሲስተም አልተቀበለውም» የሚለውን ብቻ ነው።

ይህ በቅን ሰው እጅ ሲሆን ነው። የተረፈው ቁራጭ እውነተኛ ትእዛዝ ቢሆንስ? አንድ ተንኮለኛ በስም ቦታ ላይ መጀመሪያ ጭረት፣ ቀጥሎ «ወይም 1 ከ1 ጋር እኩል ከሆነ» የሚል ቢጽፍ፣ አንድ ከአንድ ጋር ምንጊዜም እኩል ስለሆነ ማሽኑ የአንድ ሰው መረጃ በማሳየት ፈንታ የሁሉንም ሰው ይዘረግፋል። ይህ ዘዴ በአደባባይ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1998 ፍራክ በተባለ የጠላፊዎች መጽሔት ላይ ነው፤ ጸሐፊው ጄፍ ፎሪስታል የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ከ17 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ቶክቶክ የተባለው የብሪታንያ የስልክ ኩባንያ በዚሁ ያረጀ ብልሃት ተዘርፎ ከ150 ሺህ በላይ የደንበኞች መረጃ ወጣበት፤ በማግስቱ ዓመትም 400 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ። ፎርም የሚሠሩ ሰዎች ጭረት ሲያዩ የሚደነግጡት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ድንጋጤው ይገባል። መፍትሔ ብለው የያዙት ግን አይገባም።

የመጀመሪያው መፍትሔ ማባዛት ነበር። በጽሑፉ ውስጥ ያለች ጭረት ሁለት ትደረጋለች፣ 'ሰ''ኢድ'፤ ማሽኑም ሁለት ጭረት አጠገብ ላጠገብ ሲያይ አንዲት እውነተኛ ጭረት ናት ብሎ ይረዳል። ሌሎች ከጭረቷ ፊት ወደ ግራ የተጋደመ እዝባር ያስቀድማሉ። ፒኤችፒ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ ይህን ሥራ ፕሮግራመሩ ሳይጠየቅ በራሱ ይሠራ ነበር፤ «ማጂክ ኮውትስ»፣ አስማተኛ ጥቅሶች፣ ይሉት ነበር። አስማቱ ግን ማን እንደሠራውና ማን እንዳልሠራው የማይታወቅ ሆነ። ፕሮግራመሩም ደግሞ ሲጨምርበት፣ መረጃው ተከፍቶ እንደገና ሲቀመጥ ደግሞ ሲጨመርበት፣ የአንዷ መዓዛ ስም መካከሉ ላይ እሾህ እንዳበቀለ አጥር በእዝባር ተሞላ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከቋንቋው ፈጽሞ ወጣ። ብዙ የሚያዝንለት አልነበረም።

ትክክለኛው መንገድ ስሙን ከነጭራሹ ከትእዛዙ ጋር አለመቀላቀል ነው። ይህን ለማስረዳት ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ የትኛውም የወረዳ ቢሮ ያለውን የታተመ ቅጽ ማየት ይበቃል። ቅጹ አስቀድሞ ታትሟል፤ «ስም፦» ከሚለው ቀጥሎ ክፍት መስመር አለ። ባለጉዳዩ መስመሩ ላይ «ይህን ቅጽ ቅደደው» ብሎ ቢጽፍ ቅጹ አይቀደድም፤ «ይህን ቅጽ ቅደደው» የሚባል ሰው ተመዘገበ ማለት ነው። በዳታቤዝም እንዲሁ ትእዛዙ ቀድሞ ይሄዳል፣ ስሙ በሚገባበት ቦታ ላይ ብዙውን ጊዜ አንዲት የጥያቄ ምልክት ተተክላለች። ማሽኑ ትእዛዙን አንብቦ፣ ተረድቶ፣ ከጨረሰ በኋላ ስሙ ለብቻው ይደርሰዋል። በዚያን ጊዜ ጭረትም ቢኖርበት፣ እዝባርም ቢኖርበት፣ ማሽኑ ትእዛዝ ፍለጋ አይገባበትም። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ዋና ዋና ዳታቤዞችና የፕሮግራም ቋንቋዎች ሁሉ ይህን መንገድ ያውቃሉ። ጭረት የሚከለክል ፎርም ስናይ እንግዲህ የምናየው ጥንቃቄ አይደለም፤ ያልተሠራ ሥራ ነው።

ከጭረት በኋላ የሚመጣው የጥያቄ ምልክት ነው፤ ያውም በብዛት። አማርኛ የሚጻፍበት ሲስተም ያየ ሰው ሁሉ በአንድ ወቅት ስሙ «???? ????» ሆኖ ሲወጣ አይቷል። ይህ ለምን እንደሚሆን ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያሻል።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላን የመሰሉ ኢትዮጵያውያን ፊደላችንን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ሲደክሙ ማሽኑ ለጽሑፍ የሰጣቸው ቦታ 256 ብቻ ነበር፣ ገሚሱም በላቲን የተያዘ። የግዕዝ ፊደል ከነእርባታው በዚያ አይበቃም። ኋላ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሰሉ ፕሮግራሞች ጽሕፈት ቤቱን ሁሉ ሲወርሱ የተያዘው ብልሃት የላቲኑን ቦታ በአማርኛ መልክ መሸፈን ነበር። ዓይን «ር» ያያል፤ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ግን የላቲን ምልክት ነው። ከእነዚህ ፕሮግራሞች በአንዱ «ምክር ቤት» ብለው ሲጽፉ «ር» የተቀመጠችው ወደ ኋላ በዘመመች ነጠላ ጭረት ቦታ ነው፤ «ቤ»ን ኃምስ የሚያደርገው ቅጥያ ደግሞ የጥያቄ ምልክት ቦታ ላይ ነው። ያረጁ የነጋሪት ጋዜጣ ፒዲኤፎችን ገልብጦ ሌላ ቦታ የለጠፈ ሰው የሚያገኘው ትርምስ ከዚህ የመጣ ነው። አዋጁ አለ፤ ግን ማሽኑ ዘንድ አማርኛ አይደለም። ለዳታቤዝ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አማርኛ ስም በገባ ቁጥር ማሽኑ ለራሱ ሥራ ያስቀመጣቸው ምልክቶች አብረው ይገባሉ።

መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1999 መጣ። የፊደላት ዓለም አቀፍ ደንብ የሆነው የዩኒኮድ 3.0 ሰነድ ለግዕዝ ጽሕፈት 345 ምልክቶች የራሳቸውን ቁጥር ሰጠ፤ «ሀ» 4608 ሆነች። ቁጥሩን ወደ ባይት የሚቀይረው ዩቲኤፍ-8 የሚባለው ስልት ደግሞ ከዚያ ሰባት ዓመት ቀድሞ የኮምፒውተር ሊቁ ኬን ቶምፕሰን ከባልደረባው ከሮብ ፓይክ ጋር እራት እየበላ በኒው ጀርሲ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ በነበረ ወረቀት የነደፈው ነው። በዚህ ስልት «ሀ» ሦስት ባይት ትሆናለች፤ 225፣ 136 እና 128። ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱም ከ128 አያንስም። ዘመን ያስቆጠሩት የማሽኑ ምልክቶች፣ ጭረቷ (39)፣ እዝባሯ (47)፣ የጥያቄ ምልክቷ (63)፣ ሁሉም ከ128 በታች ናቸው። ስለዚህ በዩቲኤፍ-8 በተጻፈ አማርኛ ፊደል ውስጥ ትእምርተ ጥቅስ ተደብቃ ልትገባ አትችልም። በአሮጌው ፎንት ዘመን «ር» በጭረት ቆዳ ትሄድ ነበር፤ አሁን የራሷ ቆዳ አላት።

ታዲያ የጥያቄ ምልክቱ ከየት ይመጣል? ዳታቤዙ ካልተነገረው ነው። በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው ዳታቤዞች አንዱ የሆነው ማይኤስኪውኤል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1995 በስዊድን ነው፤ እስከ 2018 ድረስ ምንም ካልተባለ ጽሑፍን በምዕራብ አውሮፓ ፊደል ይይዝ ነበር፣ አደራደሩም በስዊድንኛ ተራ ነበር። ለእንዲህ ያለ ሰንጠረዥ «አበበ» የሚል ስም ሲሰጡት የማያውቀውን እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካል። ጠንከር ያለ ቁጥጥር ካልተደረገበት ደግሞ ሥራውን «ተሳክቷል» ብሎ ይጨርሳል። የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ሌላ ጠባይ አለው። ዓምዱ ዩኒኮድ እንዲቀበል ተደርጎ እንኳ በትእዛዙ ውስጥ ከጽሑፉ ፊት «ኤን» የምትባለው የላቲን ፊደል ካልተቀመጠች ስሙ መንገድ ላይ ሊጠፋ ይችላል። በኤክሴል የተዘጋጀ የሠራተኞች ዝርዝርም በተለመደው ሲኤስቪ ሲቀመጥ እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ብልሽት መለየት ይበጃል። ስሙ በላቲን ፊደላት ትርምስ ተሞልቶ፣ በየሦስተኛው ቦታ ላይ ጭረት የተሰካበት ያው የላቲን «ኤ» እየተመላለሰ ከታየ፣ ተስፋ አለ። ያ የሚመላለሰው 225 ቁጥር ነው፤ ባይቶቹ አሉ፣ በተሳሳተ መነጽር እየተነበቡ ነው እንጂ። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ስሙ የለም። ሦስት የጥያቄ ምልክት «ገነት»ን ይሁን «ከበደ»ን የሚያውቅ የለም፤ ወደ ወረቀቱ መመለስ ነው፣ ወረቀቱ ካለ።

ሦስት ባይት የሚለውን ቁጥር ይዘን ወደ ሳንጃው አዛውንት እንመለስ። ልጅቷ «እንግዲያው ሙሉውን ልጻፈው» ብላ «ገብረመድኅን» አለች እንበል። ሰባት ፊደል ነው። ኦራክልን የመሰሉ ዳታቤዞች የዓምድን ስፋት ካልተነገራቸው በቀር በባይት ይቆጥራሉ። ላቲንን ብቻ ያሰበ ፕሮግራመር ለስም 20 ቦታ ይበቃል ብሎ ከተወው ለእንግሊዝኛ 20 ፊደል ነው፤ ለአማርኛ ስድስት ፊደል ነው፣ ሁለት ባይት ይተርፋል። ሰባተኛዋ «ን» ሦስት ትፈልጋለች። ሰውየው በአንድ ባይት ተረቱ ማለት ነው። ለጉራጊኛ ተብለው እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት ፊደላት ደግሞ አራት አራት ባይት ስለሚወስዱ በአሮጌው የማይኤስኪውኤል «ዩቲኤፍ-8» ውስጥ አይገቡም፤ ያ ዓይነት ከሦስት በላይ መቁጠር አይችልም ነበር።

ከሁሉ የሚያስቀው፣ የሚያበሳጨውም፣ ሌላው ነው። በአሮጌ የኤስኪውኤል ሰርቨር አደራደር ሕጎች ውስጥ የግዕዝ ፊደላት ክብደት አልነበራቸውም። አደራደር ማለት የትኛው ፊደል ከየትኛው ይቀድማል፣ የትኛውስ ከየትኛው ጋር እኩል ነው የሚለው ሕግ ነው። ክብደት የሌለው ፊደል ሲወዳደር እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ «አበበ» እና «ከበደ» እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ምንም ናቸውና። ስም እንዳይደገም ተብሎ በተቆለፈ ሰንጠረዥ ውስጥ የመጀመሪያው ሰው ይገባል፤ ሁለተኛው ማንም ይሁን ማን «ቀድሞ ተመዝግቧል» ይባላል። መድኃኒቱ አንድ ቃል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የመጣውን አዲሱን አደራደር መምረጥ። ይህን የማያውቅ ፕሮግራመር ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልግ ያድራል።

ማሽኑ ሁሉን አሟልቶ ቢቀበል እንኳ የራሳችን ጣጣ ይቀራል፤ አንዱን ስም በብዙ መንገድ መጻፋችን። የአጼው ስም «ዮሐንስ» ነው፤ በ1881 ዓ.ም. መጋቢት ከደርቡሾች ጋር ተዋግተው የወደቁባት ከተማ በስማቸው ተጠርታለች። ግን «መተማ ዮሃንስ»፣ «መተማ ዮሀንስ» እየተባለም ይጻፋል። ለአንባቢ አንድ ከተማ ናት፤ ለማሽን ሦስት። አብርሃጅራን አብርሐጅራ፣ አብራሃጅራ የሚል አለ። ቋራን፣ በስልኩ ላይ «ቋ»ን ያጣ ሰው «ቁዋራ» ይላታል። በካላዛር የታመመ የቀን ሠራተኛ አንድ ጊዜ «ኃይሉ» ተብሎ፣ በሌላ ጊዜ «ሀይሉ» ተብሎ ከተመዘገበ የቀድሞ ሕክምናው ካርድ አይገኝም። ገብረመድኅንም «ገብረ መድኅን» ተብሎ በባዶ ቦታ ከተከፈለና ሲስተሙ ስምን በባዶ ቦታ እየቆራረጠ የአባትና የአያት ስም የሚያወጣ ከሆነ፣ አባታቸው መድኅን ይባላሉ።

አንዳንዶች መፍትሔው ሞክሼ ፊደላትን አንድ ማድረግ ነው ይላሉ፤ ሁሉንም «ሀ»፣ ሁሉንም «ሰ»። ለፍለጋ ልክ ናቸው። ዳታቤዙ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ለጎን የተስተካከለ ቅጂ ይያዝ፤ ሞክሼው አንድ የሆነበት፣ እዝባሩና ባዶ ቦታው የወጣበት፣ «ገ/» ወደ «ገብረ» የተፈታበት። ፈላጊው በየትኛውም መንገድ ቢጽፍ ያገኘዋል። ለሰውየው ታትሞ የሚሰጠው ግን ያ ቅጂ መሆን የለበትም። የፍለጋ ቁልፍና ስም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ብዙ ሲስተሞች ሁለቱን በአንድ ዓምድ ውስጥ አጭቀው ስሙን በቁልፉ ልክ ይቆርጡታል።

የፋይዳ መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሲመጣ ከዚህ ጣጣ የተወሰነውን አቃልሏል። ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይያዛል፤ ሰውየውን የሚለየው ግን ስሙ ሳይሆን 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። «ኃይሉ»ና «ሀይሉ» አንድ ቁጥር ካላቸው አንድ ሰው ናቸው፣ ክርክር የለም። ፓስፖርት ግን አሁንም ጠባብ ነው። ከታች በማሽን የሚነበቡት ሁለት መስመሮች እያንዳንዳቸው 44 ቦታ አላቸው፤ ለስም የተተወው 39 ነው። እዚያ የሚገቡት ከላቲኑ 26 ፊደላት፣ ከአኃዞችና ከአንድ መሙያ ምልክት ሌላ የለም፤ የመዓዛ ጭረት በዓለም አቀፉ ደንብ ትጣላለች። ይህ ዕንቅፋት የሚመስል ግን የታሰበበት ነገር ነው፤ ከመስመሮቹ በላይ ሰው የሚያነበው ስም ሙሉውን ሆኖ ይታተማል፣ የታችኛው ለማሽኑ ብቻ ነው። ለፍለጋ አንድ፣ ለሰው አንድ።

ሳንጃ ላይ ተራው ረዝሟል። ልጅቷ «ገመድኅን»ን አጥፍታ እንደገና ልትጽፍ እጇን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች። ሙሉውን ትጽፈዋለች፤ ያለ እዝባር፣ ያለ ባዶ ቦታ። «ገብረመድ» ብላ ቆመች።

«አባባ፣ የቱን ‹ህ› ላድርገው?»

አዛውንቱ ጥያቄውን ወደዱት። የቄስ ትምህርት ቤት ያዩ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው የመስኮቱን ብርሃን በመዳፋቸው ከልለው አዩ።

«ሃሌታው አይደለም፣ ሐመሩም አይደለም። ብዙኃኑ ነው።»

ልጅቷ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ስታ በሦስተኛው አገኘችው። ማሽኑ ዝም አለ፤ ቀይ መስመር አላወጣም።

«አሁን ደግሞ የአባት ስም» አለች። «እሱስ እዝባር አለው?»